በእግር የተገመገመ ፕላን፦ የአንዲት የጎጃም ከተማ የመናፈሻ፣ የእግረኛ መንገድና የወንዝ ዳር ረቂቅ

የምኖርባት ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ካሉት የጎጃም ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን የማልጠቅሰው ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ሹም ጉዳይ ሆኖ እንዳይታይ ብዬ ነው፤ ከደጀን እስከ ቡሬ ባሉት ከተሞች የሚኖር አንባቢ የራሱን ከተማ በውስጡ እንደሚያገኝ አምናለሁ። ባለፈው ወር ከተማ አስተዳደሩ የመናፈሻዎችን፣ የእግረኛ መንገዶችን፣ የወንዝ ዳር አረንጓዴ መስመርንና የመዝናኛ ሥፍራዎችን ረቂቅ ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነዋሪው አይቶ አስተያየት እንዲሰጥ ጋበዘ። ከአራቱ ትልልቅ ወረቀቶች ፊት ሁለት ጧት ቆሜ ማስታወሻ ያዝኩ፤ ከዚያም በቀለም የተሠመሩትን መስመሮች አንድ በአንድ በእግሬ ሄድኩባቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ፣ ማለትም ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው ያለው የእግረኛ መንገድና የመናኸሪያው መናፈሻ፣ ከዓምና ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ስለሆነ ግምገማዬ በወረቀት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ግብር የምንከፍልበት አገልግሎት ነውና፣ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ የቀረበለትን እንደሚመዝን ሁሉ ይህንንም መመዘን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና የሚገባውን ላመስግን። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲመክርበት ያዛል፤ በእኛ ከተማ ግን ይህ ድንጋጌ ሲፈጸም ያየሁት ጥቂት የቀበሌ ተወካዮችን ሰብስቦ ፊርማ በማስፈረም ብቻ ነበር። በዚህ ዙር ወረቀቶቹ ማንም ሰው በሥራ ሰዓት ገብቶ ሊያያቸው በሚችልበት ቦታ ተለጥፈዋል። በካርታው ላይ የተጻፉትም ቁጥር የተሰጣቸው ቀጠናዎች ሳይሆኑ ሰው በየዕለቱ የሚጠራቸው የሰፈር ስሞች ናቸው፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ ማንም ሳይረዳት ቤቷን ፈልጋ አግኝታ በጣቷ ስትነካው አይቻለሁ። የከተማን ጠቅላላ የመሬት አጠቃቀም የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ዛሬ በእርሳስ ሊታረም የሚችል ስህተት ከጸደቀ በኋላ አሥር ዓመት አብሮን ይኖራል፤ ስለዚህ ይህን በር መክፈታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ረቂቁ የተመሠረተው በአገራችን የከተማ ፕላን ዝግጅት በሚታወቀው ድርሻ ላይ ነው፤ ይኸውም ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ ቀሪው 40 በመቶ ለግንባታ እንዲውል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ግርጌ ባለው ሠንጠረዥ ይህ ድርሻ ተሟልቶ ይታያል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን ቦታ ሁሉ ሄጄ ስመለከት ግን ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የባህር ዛፍ ኮረብታ እንዳለ በውስጡ ተቆጥሮ አገኘሁት። ይህ የግለሰቦች ተክል ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ለአጣናና ለማገዶ ይቆረጣል፣ ልጅ አይጫወትበትም፣ ሽማግሌ አይቀመጥበትም። ለባለቤቶቹ የልጅ ማስተማሪያና የቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚያስገኝ በመሆኑ ባህር ዛፉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የሕዝብ መናፈሻ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። ኮረብታው ከሒሳቡ ሲወጣ ለጋራ መጠቀሚያ የሚቀረው በዋናነት የጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ፣ የኳስ ሜዳው፣ የወንዙ ዳርቻና የመናኸሪያው መናፈሻ ብቻ ነው። እነዚህ አራት ቦታዎች ስለሆኑ በእጃችን ያሉት፣ እያንዳንዳቸው በጥንቃቄ ሊታሰብባቸው ይገባል።

የጎጃም ከተሞች እንዴት እንደተቆረቆሩ ያስታወሰ ሰው፣ ሕዝብ የሚሄድበት መስመር ከፕላን በፊት የነበረ መሆኑን ያውቃል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የአሁን ስሟን የወሰደችው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢም በዚያው ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን፣ የገዥው ግቢና ገበያ በሦስት ማዕዘን ቆመው፣ በመካከላቸው ሰውና ከብት ሲመላለስ የቀጠነው መንገድ ቆይቶ ጎዳና ሆነ። ባሕር ዳር ከዚህ ለየት ትላለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ስላወጡላት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ፣ የዘንባባ ረድፎቿና የጣና ዳርቻ መሄጃዋ እስከ ዛሬ ይመሰገኑላታል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌት ሰፊ ቦታ ለይቶ ተሠርቷል። የእኛን ረቂቅ ያዘጋጁት ባለሙያዎች ዐይናቸው ባሕር ዳር ላይ እንደነበረ ከሥዕሉ ያስታውቃል፤ መመኘታቸው መልካም ነው። ሆኖም የእኛ ከተማ የተሠራችው እንደ መንቆረር ነው፤ ስለዚህ ፕላኑ መጀመር ያለበት ሰዉ ቀድሞ ከሚሄድበትና ከሚያርፍበት ቦታ ይመስለኛል፤ የሚከተለውን ሁሉ የምመዝነውም በዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አገልግሎት እየሰጠ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሲሆን፣ አብረውኝ የወጡት ሰባ ዓመት ያለፋቸውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ ናቸው። መንገዱ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ቀይና ግራጫ ታይል ተነጥፎበታል፣ የጠርዙ ድንጋይ ጥቁርና ነጭ ተቀብቷል፣ ወርዱም ሦስት እርምጃ ያህላል። ነገር ግን ግማሹ የተሠራው በጎርፍ መውረጃው ቦይ ክዳን ላይ ነው፤ በክዳኖቹም መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከፋርማሲው ፊት ስንደርስ የአክስቴ ምርኩዝ እክፍተቱ ገብቶ ተቀረቀረ፤ ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ ይወድቁ ነበር። ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ አንዱ ክዳን ጨርሶ የለም፤ የሰፈሩ ሰው ማታ የሚያልፍ ሰው እንዳይገባበት ብሎ ቅጠሉ ያልረገፈ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ በጉድጓዱ ውስጥ አቁሞበታል። ቅርንጫፉ ሲደርቅ ሌላ እየተኩ ወራት መቆየታቸውን አንድ ባለሱቅ ነገረኝ። ተቀምጠን ስናርፍ አክስቴ «ልጄ፣ ድሮ በአቧራው ስሄድ ሰው እያየሁ፣ ሰላም እያልኩ ነበር፤ አሁን እግሬን ብቻ እያየሁ ነው የምሄደው» አሉኝ። «ታዲያ እትየ፣ በአስፋልቱ ዳር ይሻልዎታል?» ብላቸው «እዚያማ ባጃጁ መች ያሳልፈኛል» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ።

መንገዱን ያሠሩት ሰዎች የመሻገሪያ መውረጃ ሳይረሱ በሁለት ቦታ አበጅተዋል፤ ይህም ከብዙ ከተሞች የተሻለ ነው። ችግሩ ተዳፋቱ ነው። ለዊልቸር የሚመች መውረጃ ለእያንዳንዱ 1 ክንድ ከፍታ 12 ክንድ ርዝመት እንዲኖረው በግንባታ ሙያ የታወቀ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ጠርዝ አንድ ሜትር ከሰማንያ ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኛው ግማሽ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ በሁለት እግሩ ለሚሄደው ሰው ራሱ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀች አገር ናት፤ የሕንፃ ሕጓም ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። እንግዲህ ሰውየው ወደ ሕንፃው ደጃፍ የሚደርስበት መንገድ ካልተመቸው የሕንፃው ምቹነት አይጠቅመውም። በቀሪዎቹ ምዕራፎች ሥዕል ላይም ያው አጭር መውረጃ ተደግሟል፤ መታረም የሚችለው አሁን ነው።

የታይሉ ነገር ደግሞ ከአፈራችን ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አካባቢ ሜዳው አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጤፍ የሚያበቅልልን እርሱ ስለሆነ ገበሬ ይወደዋል፤ መንገድ ሠሪ ግን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ ካልተካውና ውኃው የሚወጣበትን ካላበጀ በላዩ የተነጠፈውን ሁሉ ያነሣዋል። ከጤና ጣቢያው በፊት ባለው ቁራጭ ላይ ታይሉ በአንድ ክረምት እንደ ጎመን ማሳ መደብ ተነሥቶ ተሰነጣጥቋል። ከዚያው አጠገብ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በኮብልስቶን የተሠራው የውስጥ መንገድ ግን፣ እዚህና እዚያ ከመስመጡ በቀር ይኸው ቆሟል። ኮብልስቶን ሲሰምጥ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ አሸዋው ተስተካክሎ ያው ድንጋይ ይመለሳል፤ የሚጠርበውም የሚነጥፈውም የከተማችን ወጣት ነው። የተሰበረ ታይል ግን የሚጣል ነው። ሁለተኛው ወረቀት ለቀሪው መንገድ በሙሉ ታይል መምረጡ ስለ ውበት ብቻ ታስቦ ከሆነ፣ ዋልካው በዚህ ጉዳይ የሚያሸንፍ መሆኑን አውቀው እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

በሥዕሉ ላይ ፈጽሞ ያላየሁት የቅዳሜ ገበያ ነው። ቅዳሜ ጧት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ጤፍና ሽንኩርት የጫኑ አህዮች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ ጋሪዎች፣ በእንጨት ሸክም ጎንበስ ያሉ እናቶች በምዕራቡ በር ይገባሉ። ለእነዚህ ሰዎች የተሠመረ ምንም መስመር የለም፤ የታሰበው የእግረኛ መንገድም ከዋናው አስፋልት ዳር ወጥቶ አያውቅም፤ ገበያው ያለው ግን ከአስፋልቱ ጀርባ ነው። በአንዱ ቅዳሜ ከምዕራቡ በር ቆሜ ስቆጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ የተጫኑ አህዮች አልፈዋል። አህያ ታይል ላይ አትሄድም፤ ሸክሟን እንደያዘች ትንሸራተታለችና ባለቤቷ ወደ አስፋልቱ ያወጣታል፤ በዚያ ከጭነት መኪና ጋር ትጋፋለች። ወደ ገበያው የሚወስደው የአፈር መንገድ በአንድ በኩል የጎርፍ ቦይ ወጥቶለት፣ በጠጠርና በገረጋንቲ ተደልድሎ፣ በየመቶ ሜትሩ ሸክም የሚወርድበት የድንጋይ መደብ ቢሠራለት፣ ወጪው ከመናኸሪያው ፏፏቴ ብዙ ያነሰ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የድንጋይ መደብ ያልኩት ተሸካሚ ሳይቀመጥና ሳይጎነበስ ሸክሙን ከጀርባው አሳርፎ ትንፋሽ የሚወስድበትን ከፍታ ያለው ነው፤ እናቶቻችን አሁን ለዚህ የሚጠቀሙት የሰው አጥር ነው።

የመናኸሪያው መናፈሻ ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አልፈልግም፤ አበባው እንክብካቤ የተደረገለት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፏፏቴው በበዓል ቀን ይሠራል። ነገር ግን ዙሪያውን ታጥሮ ለሻይ ቡና አቅራቢ ተከራይቷል። መቀመጫው ሁሉ የአቅራቢው የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ስለዚህ የሚቀመጥ ሰው የሚጠጣ ነገር ማዘዝ አለበት። ከሕክምና ሲመለሱ የመኪና ሰዓት የሚጠብቁ አንድ ባልና ሚስት ከአጥሩ ውጪ፣ አጥሩ በሚጥለው ቀጭን ጥላ ሥር፣ ነጠላ አንጥፈው ተቀምጠው አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ያን ሰዓት ከግማሽ በላይ ባዶ ነበሩ። ሻይ ቡና አቅራቢዎቹ ሠርተው የሚበሉ ወጣቶች ናቸውና ይውጡ አልልም። የሚከራየው ግቢው ሁሉ ሳይሆን አንድ ጥጉ ቢሆን፣ በቀረው ሥፍራ የድንጋይ ወይም የእንጨት መቀመጫ ቢደረግ፣ የሕዝብ መጸዳጃና የውኃ ቧንቧም ቢጨመርበት፣ መናኸሪያው የሚያስፈልገው ያ ነው። በረቂቁ ውስጥ ለሚሠሩት ሌሎች ሁለት መናፈሻዎችም ይኸው የኪራይ አሠራር እንደሚቀጥል በማብራሪያው ላይ ተጽፏል፤ ይህን አንቀጽ አጥብቄ እቃወማለሁ።

አሁን ከረቂቁ ሁሉ ወደሚበልጠው፣ ወደ ሦስተኛው ወረቀት እመለሳለሁ። ወንዛችን ከከተማው በስተምሥራቅ ይወርዳል፤ ወረቀቱ በሁለቱም ዳርቻ 15 ሜትር ለቆ፣ በአንድ በኩል የእግር መሄጃ፣ በሌላው የዛፍ ረድፍ አድርጎ ከላይኛው ድልድይ እስከ ቄራው ድረስ አሥምሮታል። ይህን ሳይ ልቤ ሞላ። ወንዙ ለብዙ ዓመት የከተማው ጀርባ ነበር፤ መኪና ይታጠብበታል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል፣ ሽንት ቤት ወደ እርሱ ይፈስበታል። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ይህ የከተማው ፊት መሆን አለበት ብሎ ማሰቡ ራሱ የሚያስመሰግን ነው።

መስመሩን ከላይ እስከ ታች ስሄድበት ግን ሥዕሉ ያላያቸውን ነገሮች አየሁ። የመጀመሪያው የጎርፉ ከፍታ ነው። ከዳርቻው ቁጥቋጦ ላይ ባለፈው ነሐሴ ጎርፉ ያመጣው ፌስታል ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ቆሜ ስለካው ከደረቴ ይደርሳል። በሥዕሉ ላይ ያሉት አግዳሚ ወንበሮችና የመብራት ምሰሶዎች ከዚያ ፌስታል በታች ናቸው። መሄጃው በኮንክሪት ሳይሆን በተደለደለ ጠጠር ቢሠራ፣ ጎርፍ ሲመጣ አልፎበት ይሄዳል፣ ከክረምት በኋላም በአካፋ ይታደሳል፤ ወንበሩና መብራቱ ግን ወደ ላይኛው እርከን መውጣት አለባቸው። ሁለተኛው በስተግራ ዳርቻ ያሉት የጎመን፣ የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት መደቦች ናቸው። በካርታው ላይ ሣር ተብለው ተቀብተዋል። እነዚህን መደቦች በመስኖ የሚያለሙት ለከተማው አትክልት የሚያቀርቡ አባወራዎችና እማወራዎች ሲሆኑ፣ ስለ እነርሱ የተጻፈ አንድ ቃል የለም፤ ካሳም፣ ምትክም፣ ይቆያሉ የሚልም። በእኔ እምነት የጎመን መደብ ከየትኛውም የተከረከመ ሣር የማያንስ አረንጓዴ ነው፤ መሄጃው በአጠገባቸው እንዲያልፍ አድርጎ እነርሱን ማቆየት ይቻላል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች የሚጠቀሙባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮችም በሥዕሉ ላይ በግንብ ተሸፍነዋል፤ እነርሱም እንዲቀሩና ውኃው ወደ ወንዙ ከመመለሱ በፊት የሚሰርግበት የጠጠር ጉድጓድ እንዲደረግላቸው እመክራለሁ።

ሦስተኛውና ዋናው መሻገሪያው ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰፈሮች ልጆች ትምህርት ቤት የሚመጡት ጎን ለጎን በተጋደሙ ሁለት የባህር ዛፍ ግንዶች ላይ ነው። አንድ ጧት አብሬያቸው ተሻገርኩ። ትንንሾቹ የትልልቆቹን ቦርሳ ይዘው፣ አንዷ ልጅ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ ግንዱን እየዳሰሰች ሄደች፤ ጫማ ግንዱ ላይ ያንሸራትታል አለችኝ። በዚህ መንገድ ከማዶ ሰፈር እስከ ትምህርት ቤቱ በር 9 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በላይኛው ድልድይና በአስፋልቱ ዞሬ ስሄደው 31 ደቂቃ ሆነ። በክረምት ግንዶቹን ጎርፉ ስለሚወስዳቸው መስከረም ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ በጭነት መኪናና በባጃጅ መካከል የሚዞሩት በዚያ በረጅሙ መንገድ ነው። የድልድይን ዋጋ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በሞጣ በኩል ዓባይን የሚያሻግረው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሕዝቡ በተሰበረው ቅስት ላይ በገመድ እየተሳበ ለአሥርት ዓመታት ሲሻገር ኖሯል። በሦስተኛው ወረቀት ላይ የሚያምር የእግረኛ ድልድይ ተሥሏል፤ ነገር ግን የተሣለው ለመናፈሻው እይታ ከሚመቸው ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ልጆቹ ከሚሻገሩበት ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል። ድልድዩ ወደ ላይ ይምጣ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚነበብልኝ ቢሆን ይህችን ነው የምመርጠው።

ስለ ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ የማነሣው በስጋት ነው። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በየከተማችን ያለው የጥምቀተ ባሕር ሜዳ ደግሞ ማንም ፕላን አውጪ ሳይነግረን አያቶቻችን ሳይታረስና ሳይታጠር ያቆዩልን የሕዝብ መናፈሻ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ ከዚያ በቀር ዓመቱን ሙሉ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በገና ሰሞን የገና ጨዋታ ይደራበታል፣ ማታ ማታ ደግሞ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ ያጠኑበታል። ረቂቁ በመካከሉ ክብ የኮንክሪት መድረክ፣ በዙሪያው የታይል መመላለሻና አራት ፏፏቴዎች ያስቀምጥበታል። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያን ያህል ፈረስና ሕዝብ የሚያስተናግደው ክፍት ሜዳ መኖሩ እንደሆነ ያየ ሰው፣ ሜዳ ክፍት መሆኑ ጉድለት እንዳልሆነ ይረዳል። ይህ ሜዳ የሚያስፈልገው በዳሩ የዛፍ ጥላ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ፣ ከብት እንዳይገባበት ጠባቂ ነው። መካከሉ ሣር ይሁን።

ዛፍ ካነሣሁ አይቀር፣ የተመረጡት ዛፎች ዘንባባና አንድ ሁለት የውጭ አገር የጌጥ ዛፎች ናቸው። ዘንባባ ለባሕር ዳር ጎዳና ውበት ሆኗታል፤ በጣና ዳርቻ ሰው የሚያርፈው ግን በዋርካውና በሾላው ጥላ ሥር ነው። ለእኛ ደጋማ ወይናደጋ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ጽድና ወይራ አሉልን፤ ችግኛቸውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በራሱ ይበቅላል። ዋንዛ ነጭ አበባው ለንብ፣ ጥላው ለሰው የተባረከ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ፍሬው ሲበስል ወርዶ መንገዱን ስለሚያጣብቅ ከእግረኛ መንገድ ይልቅ ለወንዙ ዳር ይሻላል። ለመንገዱ ብርብራን እመርጣለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ተክለናል፤ በከተማችን ውስጥ የጸደቀው ግን ቤቱ አጠገብ የተተከለለት ሰው እሾህ አጥሮ፣ በበጋ የእቃ ማጠቢያ ውኃ እያጠጣ ያሳደገው ብቻ ነው። በረቂቁ ማብራሪያ ላይ የችግኝ ቁጥር እንጂ የሚያጠጣው ሰው ደመወዝ አልተጻፈም።

የልጆች መጫወቻውን በአጭሩ ልለፈው። ሦስት ቦታ የብረት መንሸራተቻና ዥዋዥዌ ይተከላል፤ ብረት በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ የልጅ እግር ያቃጥላልና ቢያንስ ከዛፍ ሥር ይሁን። ስለ ኳስ ሜዳው ግን አንድ ነገር መባል አለበት፤ ሁልጊዜ የወንዶች ነው። ልጃገረዶች መረብ ኳስ የሚጫወቱት ትምህርት ቤት ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ በከተማው ውስጥ እነርሱ የሚጫወቱበት ቦታ የለም፤ በረቂቁም አልታሰበም።

የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል በአራተኛው ወረቀት ላይ ነው። አንደኛው ያየነው ነው፤ ሁለተኛው ለዋናው መንገድ መግቢያ የሚሠራው ትልቅ በርና አደባባይ፣ ሦስተኛው የጥምቀተ ባሕሩ መድረክ፣ አራተኛው የወንዙ መስመርና ድልድዩ። ገንዘብ ሲያልቅ የሚቀረው የመጨረሻው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ በአስተያየት መዝገቡ ላይ አራተኛው ሁለተኛ እንዲሆን፣ ከእርሱም ጋር የገበያው መንገድ እንዲጨመር፣ የቦዩ ክዳኖች ደግሞ ምዕራፍ ሳይጠብቁ በዚህ በጋ እንዲስተካከሉ ጽፌ ፈርሜያለሁ። መዝገቡን ስገልጠው ከእኔ በፊት የጻፉት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል አንዱ በእርሳስና በልጅ እጅ «ድልድይ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፏል።

ወረቀቶቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያሉ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ጧት ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሦስተኛው ወረቀት ከመስኮቱ ጎን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታውና አይነበብም። አራተኛው ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ በሩን ካልዘጉት አይታይም። መዝገቡ ጸሐፊዋ ጋ ነው፤ ሲጠይቋት ወዲያው ታወጣለች።